ኮምፒውተርን እንደ አዲስ ማስጀመር፦ ፋይል ሳይጠፋ ሪሴት የማድረጊያ ዝርዝር መመሪያ

ሪሴት ማድረግ ራሱ ከባድ አይደለም። አምስት ስድስት ቦታ መጫን ነው፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል። ሰው የሚጎዳው ከዚያ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ነው። ምን እንደሚጠፋ ሳያይ፣ ፓስወርዱን ሳያረጋግጥ፣ የትኛው ፎቶ የት እንደተቀመጠ ሳያውቅ ይጫናል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም።

እኔ ይህን ያወቅኩት በእህቴ ላፕቶፕ ነው። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ሲ ድራይቭና ዲ ድራይቭ። የልጇን ፎቶዎች በሙሉ ወደ ዲ ገልብጬ ባክአፕ የያዝኩ መሰለኝ። ሪሴቱ መሃል ላይ «ዊንዶውስ ያለበት ድራይቭ ብቻ ይጥፋ ወይስ ሁሉም?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሳላነብ «ሁሉም» አልኩ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የተነሳችው ፎቶ በሙሉ ሄደ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላይ ረጅሙን ጊዜ የምናጠፋው ከሪሴቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «ሪሴት» ስል ኮምፒውተሩ በውስጡ ባለው የራሱ መሣሪያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሲጭን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው «ፎርማት» የሚለው ደግሞ ዲስኩን አጥፍቶ በፍላሽ ከዜሮ መጫንን ነው። ውጤታቸው ይቀራረባል፣ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ሁለቱንም እናያለን።

በእርግጥ ሪሴት ያስፈልገዋል?

ኮምፒውተር ስለተንቀራፈፈ ብቻ ሪሴት አይደረግም። መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው እዩ። ጢም ብሎ ከሞላ ዊንዶውስ መላወሻ ያጣል፤ ትልልቅ ቪዲዮዎችን ወደ ሌላ ቦታ ማንሳት ብቻ ለውጥ ያመጣል። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ስታርትአፕ አፕስ» በሚለው ስር ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ተደርድረዋል። የማትፈልጓቸውን ዝጉ።

እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትከፍቱ የዲስኩን ዓይነት ይነግራችኋል። «ኤችዲዲ» ካለ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሪሴት ቢደረግም ብዙም ሳይቆይ ወደ ድሮው ይመለሳል። ለእሱ የሚበጀው ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ መቀየር ነው። በዚያው አጋጣሚ ዊንዶውሱም አዲስ ይሆናል።

ከዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ፋይል ስትገለብጡ ደጋግሞ ከተንጠለጠለ ሪሴት እንዳታደርጉ። ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ሪሴት ደግሞ ዲስክን በጣም የሚያደክም ሥራ ነው። ፋይላችሁን ቶሎ አውጡ፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ዊንዶውስ 11 ያላችሁ ከሪሴት በፊት የምትሞክሩት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ» ስትገቡ «ፊክስ ፕሮብሌምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት» የሚል መስመር ታያላችሁ። ከጎኑ «ሪኢንስቶል ናው» ይላል። ይህ የዊንዶውሱን ፋይሎች ከኢንተርኔት አውርዶ በላዩ ላይ ይጭናል። ፋይላችሁ፣ ፕሮግራሞቻችሁም ሆኑ ሴቲንጋችሁ እንዳሉ ይቆያሉ። ችግሩ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ከሆነ በዚህ ብቻ የሚገላገል ሰው ብዙ ነው።

ሪሴት ልክ የሚሆነው ኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲያዝ፣ ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ሰማያዊው (በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁሩ) የስህተት ስክሪን አልለቅ ሲል፣ ወይም ለሌላ ሰው ልትሰጡት ስትሉ ነው።

ባክአፕ፦ ሌላ ዲስክ ላይ ካልሆነ ባክአፕ አይደለም

ሲ እና ዲ ሁለት ስም ስላላቸው ሁለት ዕቃ አይሆኑም። ብዙ ላፕቶፕ ላይ አንድ ዲስክ ለሁለት የተከፈለ ነው። ዲስኩ ሲጠፋ ወይም ሲሞት አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ያስፈልጋችኋል። በጣም የምትሳሱለትን ነገር ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ምን ይገለበጣል? ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ፣ ሙዚክና ዳውንሎድስ የታወቁ ናቸው። ዳውንሎድስን ግን ሰው «ቆሻሻ ነው» ብሎ ይተወዋል። በቴሌግራም ያወረዳችሁት ፋይል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ባለ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ነው። የሥራ ደብዳቤም፣ የተላከላችሁ ሰርተፍኬትም እዚያ ይገኛል። ከዚያ ሲ ድራይቭን ራሱን ክፈቱ። አንዳንድ የሒሳብና የሽያጭ ፕሮግራሞች ዳታቸውን ዶክመንትስ ውስጥ ሳይሆን ሲ ላይ በራሳቸው ፎልደር ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካላችሁ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ባክአፕ የሚለውን የራሱን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ፎልደሩን ብቻ መገልበጥ አንዳንዴ አይበቃም።

ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከፋይሉ አጠገብ ያለችውን ምልክት እዩ። የደመና ምልክት ካለች ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ይህ ለሪሴት ችግር የለውም፤ ግን የአካውንቱ ፓስወርድ ከጠፋባችሁ ፋይሉም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ቀጥሎ ብሮውዘሩ። ቡክማርኮቻችሁና የተቀመጡ ፓስወርዶች ሪሴት ሲደረግ ይጠፋሉ። «ፋይሌን አስቀርልኝ» የሚለውን ብትመርጡ እንኳ የብሮውዘሩ ዳታ አይቀርላችሁም። ክሮም ወይም ኤጅ ውስጥ በአካውንታችሁ ግቡና ሲንክ፣ ማለትም ዳታችሁን ወደ አካውንታችሁ የሚያስቀምጠው፣ መብራቱን አረጋግጡ። በስልካችሁ ያንኑ አካውንት ከፍታችሁ ፓስወርዶቹ መታየታቸውን እዩ። በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ።

የጫናችኋቸው ፕሮግራሞችም ይሄዳሉ። ስማቸውን ጻፉ ወይም የፕሮግራሞቹን ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንሱት። ገዝታችሁ የጫናችሁት ፕሮግራም ካለ ቁልፉን ፈልጉ፤ በተወሰነ ኮምፒውተር ቁጥር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከፕሮግራሙ ውስጥ ሳይን አውት አድርጉ። ካልሆነ በኋላ «የተፈቀደላችሁ ቁጥር ሞልቷል» ይላችኋል። የጫናችኋቸው ፎንቶችና የኪቦርድ ፕሮግራሞችም እዚሁ ዝርዝር ላይ ይግቡ።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ኤክስተርናሉን ንቀሉና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ሦስት አራት ፎቶ ክፈቱ። አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አስኪዱ። አንድ የወርድ ፋይል ክፈቱ። ይህች አምስት ደቂቃ ከሁሉም ትበልጣለች። ፋይሉ ስሙ ብቻ ተገልብጦ ውስጡ ባዶ የሆነበት ጊዜ አለ፤ ያን የምታውቁት ስትከፍቱት ብቻ ነው።

ሪሴት የምታደርጉት በቫይረስ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ፎቶና ዶክመንት ብቻ ገልብጡ። የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን ተዉአቸው። ከእነሱ ጋር ቫይረሱም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

48ቱ ቁጥሮች

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ነው የሚመጡት። ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል፤ በየቀኑ ሲከፍተው ምንም አይጠይቀውማ። ሪሴት ስታደርጉ ወይም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለውን የኮምፒውተሩን ሴቲንግ) ስትነኩ ግን ድንገት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና የሪከቨሪ ቁልፍ አምጡ ይላል። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት የተከፈለ። ያለ እሱ በዚያ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ማንም ሊከፍትላችሁ አይችልም። ማይክሮሶፍትም ቢሆን እናንተ ያላስቀመጣችሁትን ቁልፍ አውጥቶ አይሰጣችሁም።

ቁልፉ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲከፈት በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። በስልካችሁ ብሮውዘር ወደ አካውንቱ ግቡ፤ «ዲቫይስስ» በሚለው ስር ኮምፒውተራችሁን ስትመርጡ የሪከቨሪ ቁልፎቹን ታገኛላችሁ። ብዙ ቁልፍ ከተደረደረባችሁ አትደናገጡ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ኪ አይዲ» የሚል ኮድ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደልና ቁጥር አካውንቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። የሚገጥመው ቁልፍ የእናንተ ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳታስቀምጡት።

በዚሁ አጋጣሚ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ኢሜይልና ፓስወርድ በደንብ እንደምታውቁት አረጋግጡ። ዊንዶውስ 11 ሆም ከሪሴት በኋላ ሲነሳ ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል። በየቀኑ የምትከፍቱት በአራት አሃዝ ፒን ከሆነ ዋናውን ፓስወርድ የረሳችሁት ሊሆን ይችላል። ፒኑ ያኔ አያስገባችሁም።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሴቲንግ፣ «ሲስተም»፣ «አክቲቬሽን»፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ፣ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «አክቲቬሽን»። «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ቃል ካያችሁ ዊንዶውሳችሁ ከኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ጋር ተሳስሯል። ከሪሴት በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፤ ማለትም ፈቃድ ያለው መሆኑ ይረጋገጣል። ሆም ይሁን ፕሮ ግን አስታውሱ፤ በፍላሽ ብትጭኑ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ሪሴቱ

ቻርጀሩን ሰኩ። በባትሪ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይከለክላችኋል፤ ባይከለክላችሁም መሃል ላይ ቢጠፋ ዊንዶውሱ ሊበላሽ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነማ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። ኤክስተርናሉን፣ ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን ሁሉ ንቀሉ። ማውስና ኪቦርድ ይበቃሉ።

ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ገብታችሁ የቀረ አፕዴት ካለ ጫኑ። ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያት አለው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2025 የወጣ አንድ የሴኩሪቲ አፕዴት በዊንዶውስ 10 እና በአንዳንድ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ላይ ሪሴቱን ራሱን አበላሽቶት ነበር። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አወጣ። ማስተካከያውን ያልጫነ ሰው ግን ሪሴቱ መሃል ላይ እየከሸፈበት ተቸግሯል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግን ክፈቱ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አይ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ብትጫኑ ይከፈታል። «ሲስተም» ግቡ። ወደ ታች ወርዳችሁ «ሪከቨሪ»ን ተጫኑ። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁልፍ ተጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ሴቲንግ፣ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጌት ስታርትድ» ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል።

«ኪፕ ማይ ፋይልስ» ማለት ፎቶ፣ ዶክመንት፣ ቪዲዮ ይቆይ፤ ፕሮግራሞችና ሴቲንጎች ይሂዱ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የእናንተው ሆኖ የሚቀጥል ከሆነና ቫይረስ ከሌለ ይህ ይበቃል። ሲያልቅ የጠፉት ፕሮግራሞች ስም የተጻፈበት ፋይል ዴስክቶፑ ላይ ያስቀምጥላችኋል። «ፋይሌ ይቆያል ስላለ ባክአፕ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሪሴቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ ይህን ቃሉን አይጠብቅም። ባክአፑ የዚያን ቀን ነው የሚያድናችሁ።

«ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ማለት ሁሉም ይጥፋ ነው። ለቫይረስ፣ ለሽያጭ፣ ለስጦታ ይህን ምረጡ።

ሁለተኛው ጥያቄ አዲሱ ዊንዶውስ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። «ክላውድ ዳውንሎድ» ካላችሁ ከማይክሮሶፍት ያወርደዋል። ወደ 4 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሊበልጥም ይችላል። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ይህን አስቡበት። «ሎካል ሪኢንስቶል» ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ነው የሚሠራው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። የእኔ ምርጫ፦ ኢንተርኔቱ ከቻለ ክላውድ። ሪሴት የምታደርጉት ዊንዶውሱ ስለተበላሸ ከሆነ ከዚያው ከተበላሸው ላይ አዲስ መሥራት ምን ዋስትና አለው? ለሌላ ሰው ለመስጠት ያህል ብቻ ከሆነና ዊንዶውሱ ጤነኛ ከሆነ ግን ሎካሉ ምንም አይልም።

ቀጥሎ የመረጣችሁትን የሚያሳይ ገጽ ይመጣል። «ቼንጅ ሴቲንግስ» የምትል ጽሑፍ አለችው። ሰው አያያትም። እኔም ያን ቀን ከፍቻት ውስጧ ያለውን ሳላነብ ነው ያለፍኳት። ክፈቷት። ሁሉም ይጥፋ ያላችሁ እንደሆነ «ክሊን ዳታ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ታገኛላችሁ። ሲጠፋ ፋይሎቹን እንዲሁ ያጠፋቸዋል፤ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ያለው ሰው መልሶ ሊያገኛቸው ይችላል። ሲበራ ግን ዲስኩን በደንብ ያጸዳዋል፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ኮምፒውተሩ የእናንተው ከሆነ አያስፈልግም።

ዲስኩ ከአንድ በላይ ድራይቭ ካለው «ከሁሉም ድራይቭ ይጥፋ?» የሚል ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እህቴን ያስለቀሳት ይህ ነው። «ኖ» ላይ ከሆነ የሚጠፋው ዊንዶውስ ያለበት ድራይቭ ብቻ ነው። «የስ» ከሆነ ዲም ይሁን ሌላ፣ ያለው ሁሉ ይሄዳል። እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱና ሁለቴ አንብቡት።

የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ ይነግራችኋል። «ሪሴት» የሚለውን ስትጫኑ ተጀመረ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ነው። ኮምፒውተሩ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል። ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ፐርሰንቱ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ ድንገት ይዘላል። ጥሩ ኤስኤስዲ ያለው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሊጨርስ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክ ያለው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ እስካለ ድረስ እየሠራ ነው። «ቆመ» ብላችሁ ፓወሩን ይዛችሁ እንዳታጠፉት። ሌሊቱን ሙሉ ቁጥሩ ካልተነቃነቀና መብራቱም ከጠፋ ያኔ ብቻ ነው ማጥፋት።

ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳ ካለ

ፓስወርዱን ማስገቢያ ገጽ ድረስ ከደረሰ ቀላል ነው። የፓወር ምልክቷን ተጫኑ፣ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»። ቀሪው ከላይ ያየነው ነው። የቢትሎከሩ 48 ቁጥር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

እስከዚያም ካልደረሰ ኮምፒውተሩን አብሩትና የኩባንያው ምልክት ወጥቶ ዊንዶውሱ መነሳት ሲጀምር ፓወሩን ይዛችሁ አጥፉት። ይህን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ዊንዶውስ መነሳት አቅቶኛል ብሎ ራሱ የጥገና ገጹን ያመጣል። በዚያ ገጽ ላይ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይላችሁ ባክአፕ እንደሌለው ካስታወሳችሁ ቆም በሉ። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን መገልበጥ ይቻላል። ቢትሎከር ካለው ቁልፉ ያስፈልጋል እንጂ ፋይሉ አሁንም እዚያው ነው።

በፍላሽ መጫን

«ሪሴት ማድረግ አልተቻለም፤ ምንም ለውጥ አልተደረገም» የሚል መልእክት ከመጣ መጀመሪያ ሎካል ከነበረ በክላውድ፣ ክላውድ ከነበረ በሎካል ሞክሩት። እንቢ ካለ ፍላሽ ነው።

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽና የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከማይክሮሶፍት ዌብሳይት ላይ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱት፤ ፍላሹን ምረጡለት፤ ቀሪውን ራሱ ያዘጋጃል። ከሌላ ዌብሳይት የተገኘ «ዝግጁ ዊንዶውስ» አትጠቀሙ። ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አታውቁም።

ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም አዲሱ ዊንዶውስ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከኮምፒውተራችሁ አምራች ገጽ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱና በሌላ ፍላሽ ያዙት። ይህን ሳያደርግ ጭኖ ኢንተርኔት ላይ መግባት ያቃተው ሰው ብዙ ነው።

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ስታበሩ የቡት መምረጫውን፣ ማለትም ከየት ይነሳ የሚለውን ገጽ የሚያመጣውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ምቱ። ዴል ላይ ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ወይም ኤፍ9። ብዙ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ12፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በጎናቸው በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው። ኤሰር ላይ ኤፍ12፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኤስኬፕ። ፍላሹን ምረጡ።

መጫኛው የዊንዶውስ ቁልፍ ሲጠይቅ «ቁልፍ የለኝም» የሚለውን መርጣችሁ እለፉ። ከዚያ ያስታወሳችሁትን ሆም ወይም ፕሮ ምረጡ። የተሳሳተ ከመረጣችሁ አክቲቬት አይሆንም። ዊንዶውስ የት ይጫን የሚለው ገጽ ላይ ስትደርሱ የዲስኩ ክፍልፋዮች በረድፍ ይመጣሉ። እዚህ ስም ላታገኙ ትችላላችሁ፤ መለያችሁ መጠናቸው ነው። ለዚህ ነው ኤክስተርናሉን ንቀሉ ያልኩት። ሁሉም ነገር እንዲጠፋ ከወሰናችሁ የዚያን ዲስክ ክፍልፋዮች በሙሉ «ዲሊት» አድርጉና የቀረውን ባዶ ቦታ መርጣችሁ ቀጥሉ። ዲ ላይ ያለ ፋይል እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የእሱን መጠን አስቀድማችሁ ጻፉትና እንዳትነኩት።

ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ

ሁሉም ይጥፋ፣ ክሊን ዳታ ይብራ። ከዚያ በፊት ዲስኩን በቢትሎከር ወይም በዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ብትቆልፉት ደግሞ የበለጠ ነው። የተቆለፈ ዲስክ ከጠፋ በኋላ ቢፈለግ እንኳ የሚገኘው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህ ማጽጃ ለተራ ተጠቃሚ የተሠራ እንጂ የመንግሥትና የኢንዱስትሪ የዳታ ማጥፊያ ደረጃዎችን እንደማያሟላ ይናገራል። የደንበኛ ሚስጥር ወይም የሕክምና መዝገብ የነበረበት ኮምፒውተር ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩት።

ሪሴቱ አልቆ አገር ምረጡ የሚለው ገጽ ሲመጣ እዚያው ላይ ፓወሩን ይዛችሁ አጥፉት። አዲሱ ባለቤት በራሱ ስም ይጀምረዋል። ከዚያ በስልካችሁ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ኮምፒውተሩን ከ«ዲቫይስስ» ዝርዝር አውጡት።

ማክ እና ክሮምቡክ

ማክ ላይ ነገሩ አጭር ነው። አፕል ሲሊከን ያለው ወይም ቲ2 ቺፕ ያለው ኢንቴል ማክ ሆኖ ማክኦኤስ ሞንቴሬይ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ካለው ሲስተም ሴቲንግስ፣ «ጄነራል»፣ «ትራንስፈር ኦር ሪሴት»፣ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» ነው፤ ሞንቴሬይ ላይ ግን ሲስተም ፕሪፈረንስስን ከፍታችሁ ከላይ ካለው ሜኑ ትመርጡታላችሁ። የአፕል አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የጠፋ ማክ መፈለጊያውን «ፋይንድ ማይ»ንም አብሮ ያጠፋዋል። ከዚያ ለቆዩት ማኮች ግን መጀመሪያ ከአይክላውድ ውጡ፤ ከዚያ ሲበራ ኮማንድና አር ይዛችሁ ሪከቨሪ ውስጥ ግቡ፤ በዲስክ ዩቲሊቲ ዲስኩን አጥፉና ማክኦኤስን እንደገና ጫኑ። ቲ2 ወይም አፕል ሲሊከን ባለው ማክ ላይ አካውንታችሁ ሳይወጣ ከቀረ የሚወስደው ሰው ሊከፍተው ላይችል ይችላል። ባክአፑ በማክ የራሱ ባክአፕ መያዣ፣ በታይም ማሽን ነው።

ክሮምቡክ ላይ ከአካውንታችሁ ውጡና መግቢያው ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ ተጫኑ። «ፓወርዎሽ» የሚባለው የክሮምቡክ ሪሴት ይመጣል። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውና ሌላም ክሮምቡኩ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ አስቀድሞ ይገልበጥ።

ካለቀ በኋላ

ዊንዶውሱ ሲነሳ አገር፣ ኪቦርድ፣ ዋይፋይ፣ አካውንት ይጠይቃል። ዴስክቶፑ ሲመጣ ፋይል ለመመለስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት። ጫኑ፣ ሪስታርት፣ እንደገና እዩ። ሁለት ሦስት ዙር ይወስዳል። የድምፅ፣ የስክሪንና የዋይፋይ ድራይቨሮች ብዙዎቹ ከዚህ ይመጣሉ። አክቲቬሽኑንም እዚህ ላይ አረጋግጡ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ የነጻው ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃ እወቁ። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ፣ ገና ምንም ሳትጭኑበት ያለው ይህ ሰዓት ለመሻገር ከሁሉ የተመቸ ነው።

ከዚያ ፕሮግራሞች። ዝርዝሩን አውጡና በዚህ ሳምንት የምትጠቀሙበትን ብቻ ጫኑ። ሌላውን በፈለጋችሁት ቀን ትጭኑታላችሁ። ኮምፒውተሩ ፈጥኖ የሚቆየው በዚህ ነው።

ባክአፑ የተያዘበትን ኤክስተርናል ሰክታችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በዊንዶውስ ዲፌንደር አስፈትሹት። ንጹሕ ከሆነ ፋይሉን መልሱ። መመለስ ማለት መገልበጥ ነው፤ ቆርጣችሁ እንዳትለጥፉ። ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ቢያንስ ለአንድ ወር እዚያው ይቆይ። «ያ ፋይል የት ሄደ?» የሚባለው ሁሉም ነገር የተመለሰ ከመሰላችሁ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው።